ካዮቲ ላይ የት እንተኩስ? በየትኛውስ ጥይት?

ካዮቲ የሚባለውን ተኩላ መሰል የሰሜን አሜሪካ አውሬ ማደን የሚጀምር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "የትኛውን ጥይት ልግዛ?" ብሎ ነው። እኔ ደግሞ ቅድሚያ እንስሳውን እወቀው እላለሁ። በብርዱ ወራት ካዮቲ ግዙፍ ይመስላል። ግን አብዛኛው ፀጉር ነው። ከፀጉሩ ስር ያለው ገላ ቀጭን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ቢመዝን ነው። ልብና ሳንባው ያሉበት ቦታ ከ4 እስከ 5 ኢንች አይበልጥም፤ ጣት ሳይቆጠር የአንድ ሰው መዳፍ ያህላል። ስለዚህ "መሀሉን መታሁት" የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመታው ሆዱን ነው። ሆዱን የተመታ ካዮቲ ይሮጣል፣ ርቆ ሄዶ ተሰቃይቶ ይሞታል። እናንተም አታገኙትም።

ጎኑን ሰጥቶ ከቆመ ነገሩ ቀላል ነው። የፊት እግሩን ይዛችሁ በዓይናችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከወርቹ ኋላ፣ ከደረቱ ከፍታ ሲሶው ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ልብ ታች ነው፣ ሳንባ ከላዩ። ጥይቱ ትንሽ ከፍ ቢልም ሳንባውን ያገኛል።

ችግሩ፣ የታዳኝ እንስሳ ጩኸት በሚያስመስል ድምፅ የተጠራ ካዮቲ ብዙ ጊዜ ጎኑን አይሰጥም። ፊት ለፊት እየመጣ ከሆነ ፍርምባውን፣ አንገቱ ከደረቱ የሚገጥምበትን ቦታ አልሙ። ይህ ዒላማ ጠባብ ነው፤ ከራቀ እኔ አልተኩስም። ጀርባውን ሰጥቶ ሰያፍ ከቆመ ደግሞ በእናንተ በኩል ያለውን ወርች እርሱት። በወዲያኛው ጎን ያለውን ወርች አስቡና ጥይቱ ወደዚያ እንዲሄድ አድርጉ። እየሮጠ ከሆነ በአፋችሁ እንደ ውሻ "ዉፍ!" በሉ። ብዙ ጊዜ ለአፍታ ቆም ብሎ ያያል። ግን ከመጮኻችሁ በፊት ጠመንጃው ድጋፉ ላይ፣ ዓይናችሁም የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ላይ መሆን አለበት።

ጭንቅላቱን? በጭራሽ። ትንሽ ነው፣ አያርፍም፤ ሳት ካለ መንጋጋውን ሰብራችሁ ትሰዳላችሁ።

አሁን ወደ ጥይቱ። ሰው ስለ ካሊበር፣ ማለትም ስለ ጥይቱ ውፍረት፣ ሲከራከር ይመሻል፤ ለእኔ ግን የአረሩ፣ ማለትም ከበርሜሉ ወጥቶ የሚበረው ክፍል፣ አሠራር ይበልጣል። ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነው፣ ለዒላማ ልምምድ የሚሸጠው ርካሽ ጥይት ለዚህ አይሆንም። ሳይከፈት ቀጭን ቀዳዳ በስቶ ያልፋል፤ ድንጋይ ላይም በቀላሉ ይነጥራል። የምትፈልጉት ጫፉ ፕላስቲክ የሆነውን ወይም ለስላሳ ጫፍ ያለውን ነው።

እኔ የምይዘው .223 ሬሚንግተን የሚባለውን ጥይት ነው፣ አረሩ ባለ 55 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው)። 40 ግሬኑ ፈጣን ነው፤ ግን የወርች አጥንት ካገኘ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ላይ ላዩን ሊፈነዳ ይችላል። .22-250 በተመሳሳይ ክብደት ከ.223 በሰከንድ 400 ጫማ ያህል ይፈጥናል። ሜዳው ሰፊ ከሆነ ጥሩ ነው፤ በርሜሉ ግን ቶሎ ያልቃል። .243 ንፋስን በደንብ ይቋቋማል፣ ቆዳውን ግን ሊያበላሽ ይችላል። .22 ሎንግ ራይፍልን ለጥንቸል ተዉት።

የኔን ጠመንጃ 200 ያርድ ላይ ያለምኩትን ልክ እንዲመታ አስተካክዬዋለሁ (አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ትንሽ ያንሳል)። ያኔ 100 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ተኩል ያህል ከፍ ይላል፣ 300 ላይ 7 ኢንች ያህል ይወርዳል። በሰዓት 10 ማይል የሚነፍስ የጎን ንፋስ ደግሞ በ200 ያርድ ውስጥ ጥይቱን ከ4 ኢንች በላይ ይገፋዋል። የመዳፏን ስፋት አስታውሱ። ደረቱ መሀል ያለማችሁት ሆድ ሊሆን ነው። ንፋሱ ከበረታ አስጠጉት ወይም ተዉት።

ቁጥቋጦ ውስጥ ከሆናችሁ ብዙ እንክብል በአንዴ የሚተፋው ባለ 12 ሾትገን ይሻላል፣ ቁጥር 4 በክሾት በሚባለው እንክብል። ከ40 ያርድ ወዲያ ግን አትመኑት። እንክብሎቹ እንዴት እንደሚበተኑ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ተኩሳችሁ እዩ።

ከመግዛታችሁ በፊት በርሜሉ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 5.56 ናቶ፣ ማለትም .223ን የሚመስለው የወታደር ጥይት፣ .223 ብቻ በሚል ጠመንጃ አይተኮስም። ካሊፎርኒያ ውስጥ የምታድኑ ከሆነ ከ2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደን ክልክል ነው። የመዳብ ጥይት ደግሞ በተመሳሳይ ክብደት ረዘም ስለሚል አንዳንድ በርሜል በትክክል አያሽከረክረውም፤ ሞክሩትና ዒላማችሁን እንደገና አስተካክሉ። የሌሊት አደን ሕግም ከስቴት ስቴት ይለያያል። ሰሜን ካሮላይና ምሥራቃዊ ክፍል ደግሞ በሕግ የሚጠበቀው ቀይ ተኩላ አለ፤ ከካዮቲ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ምን እንደሆነ ሳታረጋግጡ፣ ከኋላውም ምን እንዳለ ሳታዩ ጣታችሁን ቃታው ላይ አታድርጉ።

ከተኮሳችሁ በኋላ ወዲያው ሌላ ጥይት አጉርሱና በመነጽሩ ተከታተሉት። ከወደቀ ትንሽ ቆዩ፣ ከጀርባው በኩል ቅረቡ፣ በረጅም እንጨት ዓይኑን ነካ አድርጉ። ካልጨፈነ አልቋል። በባዶ እጅ ግን አትንኩት፤ እከክና ቁንጫ የተለመደ ነው፣ የእብድ ውሻ በሽታም ሊኖርበት ይችላል። ጓንት ያዙ።