የቤሲ ኮልማንን ሕይወት ስትጽፉ ከየት ትጀምራላችሁ?

ተማሪዎቼ የቀደምት አብራሪዎችን ታሪክ ሲጽፉ አብዛኞቹ ከአደጋው ይነሳሉ። እኔ ከፈቃዱ ጀምሩ እላለሁ።

ቤሲ ኮልማን የአብራሪነት ፈቃዷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 1921 ነው፤ ያውም ፈረንሳይ አገር። ይህን በፈቃድ የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት አብራሪ ናት ብላችሁ በልኩ ጻፉት። ከዚያ ጠይቁ፤ አሜሪካዊት ሆና ፈረንሳይ ምን ወሰዳት?

የታሪኩ ልብ እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ። ጥቁርም ሴትም ስለነበረች የአገሯ የበረራ ትምህርት ቤቶች አልተቀበሏትም። ቺካጎ ውስጥ ወንዶች ፀጉር በሚቆረጡበት ቤት ጥፍር እየሠራች ትተዳደር ነበር። የ«ቺካጎ ዲፌንደር» ጋዜጣ ባለቤት ሮበርት አቦት ፈረንሳይ ሄደሽ ተማሪ አላት። ገንዘብ አጠራቀመች፣ ፈረንሳይኛ ተማረች፣ በ1920 መጨረሻ በመርከብ ተሻገረች። በሰሜን ፈረንሳይ «ለ ክሮቶዋ» በምትባል ከተማ፣ በኮድሮን ወንድማማቾች ትምህርት ቤት፣ ከእንጨትና ከጨርቅ በተሠራች ኒዩፖር አውሮፕላን ሠለጠነች። ያንን ቋንቋ የተማረችው ከሥራ ተርፎ በሚቀር ሰዓት ነው። ለእኔ ከበረራው አያንስም።

ልጅነቷን ባጭሩ አስቀምጡ፦ ቴክሳስ፣ የጥጥ ለቀማ፣ ገንዘብ አልቆ የተቋረጠ ኮሌጅ። ዕድሜዋን ግን አጣሩ። ፈቃዷ ላይ የትውልድ ዓመቷ 1896 ተብሎ ተጽፏል፤ የተወለደችው በ1892 ነው። ዝም ብላችሁ አንዱን አትምረጡ፤ ልዩነቱን ለአንባቢ ንገሩ።

ሞቷን በጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ጨርሱ። ኤፕሪል 30 ቀን 1926 ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ ውስጥ መካኒኳ ዊሊያም ዊልስ እያበረረ፣ እሷ በፓራሹት የሚወረድበትን ቦታ ለማየት ቀበቶዋን ሳታስር ነበር። አውሮፕላኑ በድንገት ቁልቁል ሲምዘገዘግ ወደቀች። ዊልስም ሞተ። በኋላ የተገኘው ምክንያት መቆጣጠሪያው ውስጥ የተሰነቀረ መፍቻ ነው።

አንድ ነገር እንዳትዘሉ አደራ። በልጅነት ከተማዋ ዋክሳሃቺ የአየር ትርኢት ስታዘጋጅ ጥቁሮችና ነጮች በአንድ በር ካልገቡ አልበርም አለች። በሩ አንድ ሆነ። ውስጥ ግን መቀመጫው እንደተለያየ ቀረ። ሁለቱንም ጻፉ። በሩን ብቻ ካነሳችሁ ዘመኑን ታሳምራላችሁ፤ መቀመጫውን ብቻ ካነሳችሁ ደግሞ እሷ ያስገኘችውን ትነጥቋታላችሁ።