የሜሽ ዋይፋይ እየጣለ ሲያስቸግር፦ መጀመሪያ አዳፕተሩን ጠርጥሩ

ዋናውን ራውተር አጥፍቶ ማብራት፣ ኬብሉን ነቅሎ መሰካት፣ ጥቅሉ አልቆ እንደሆነ ማየት፤ ይህን ሁሉ ጨርሳችኋል ብዬ ነው የምጀምረው።

ድሬዳዋ ውስጥ ሜሽ፣ ማለትም በየክፍሉ በሚቀመጡ ትንንሽ ራውተሮች ዋይፋዩን ቤቱን ሁሉ የሚያዳርስ ዕቃ፣ ያስገባ ሰው ሁሉ ቅሬታው አንድ ነው። «ስልኬ ከዋይፋዩ ይወጣል፣ ቆይቶ ደግሞ ይገባል።» እኔ መልሼ የምጠይቀው፣ የሚወጣው ያንተ ስልክ ብቻ ነው ወይስ በዚያ ክፍል ያለው ሁሉ? ብዬ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ከሆነ ጣጣው ቀላል ነው፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ። ቲቪውም፣ ካሜራውም፣ ስልኩም እኩል ወጥተው ከሁለት ሦስት ደቂቃ በኋላ እኩል የሚመለሱ ከሆነ ግን እነሱ የትም አልሄዱም። ኖዱ፣ ማለትም እዚያ ክፍል ያለው ትንሹ የሜሽ ራውተር፣ ነው ጠፍቶ የተነሳው።

ለማረጋገጥ የሜሹን አፕ ክፈቱና እያንዳንዱ ኖድ ከበራ ስንት ጊዜ እንደሆነው እዩ። ሳሎን ያለው ዋናው «12 ቀን» እያለ የመኝታ ቤቱ «40 ደቂቃ» ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። አፑ ይህን የማያሳይ ከሆነ ማታ የኖዱን መብራት ጠብቁ። ቀለሙ ተቀይሮ እንደ አዲስ ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረ ያው ነው።

ለምን ማታ? ማታ ቬንትሌተሩም ኤሲውም በየቤቱ ይከፈታል፤ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 መሆን የሚገባው ሶኬት ከ180 በታች ሲያነብ ደጋግሜ አይቻለሁ። ኦርጅናል አዳፕተር (ሶኬት ላይ ተሰክቶ ለኖዱ ኃይል የሚሰጠው) አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ግድ የለውም። ርካሹም ላዩ ላይ እንደዚያው ተጽፎበታል። መጻፍ ምን ያስቸግራል!

ነገሩ እንዲህ ነው የሚሆነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኦርጅናሉ ይቃጠላል። ባለቤቱ እዚሁ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄዶ ጫፉ የገባለትን ይገዛል። ኖዱ ሲበራለት ጨረሰ። ኖዱ ጀርባ ላይ ግን 12 ቮልት፣ 1.5 አምፔር ይላል፤ የተገዛው 0.5 ነው። ለማብራት ይበቃል። ልጆቹ ሁሉ ቪዲዮ ከፍተው ኖዱ ሥራ ሲበዛበት ይወድቃል። ከዚያ «አቦ፣ ኔትወርኩ ነው!» ይባላል።

ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አንድ ቤት ይኸው ችግር አስመርሯቸው ሙሉ አዲስ ኖድ ገዙ። አዲሱም ይጥላል። ስሄድ ኖዱ ብፌ ላይ ነው፣ ገመዱ ከብፌው ጀርባ ይገባል። ብፌውን ጎትተን ስናይ አሮጌው አዳፕተር እዚያው ሶኬቱ ላይ ነው። ብፌ መጎተት ታክቷቸው አዲሱን ኖድ በአሮጌው ገመድ ሰክተውታል። አዲሱ አዳፕተር ከነላስቲኩ ካርቶን ውስጥ ተቀምጧል።

ከዚራ ሰፈር ያየሁት አዳፕተር ደግሞ 2 አምፔር የሚል ነበር። በእጅ ሲይዙት ባዶ ቅርፊት ነው። ከኖዱ ነቅሎ በቴስተር ሲለካ 12 ይላል። ኖዱ እየሠራበት ሲለካ ወደ 9 ይወርዳል። ከኖዱ ነቅላችሁ ለክታችሁ «ደህና ነው» አትበሉ፤ ያ ልኬት ምንም አይነግራችሁም።

አዲስ ስትገዙ ቮልቱ ቁርጥ አንድ ዓይነት ይሁን። ቮልት ከበለጠ ኖዱን ያቃጥላል። አምፔር ቢበልጥ አይጎዳም፣ ካነሰ ነው ችግሩ። ክብ ውስጥ ነጥብ ያለበትን ትንሽ ሥዕልም እዩ፤ የአዳፕተሩም የኖዱም ፕላስ አንድ ቦታ መሆን አለበት። ሚኒ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ራውተር የሚያቆይ ትንሽ ባትሪ) ካላችሁ 9 እና 12 የሚሉት ቀዳዳዎች እንዳይምታቱባችሁ። ኖዱን ከፍሪጅ ወይም ከቬንትሌተር ጋር ዲቫይደር ላይ አትሰኩት። ሲነካካ ጭር ጭር የሚል ዲቫይደር ካላችሁ ጣሉት፤ በፕላስተር አይጠገንም።

ዳንቴልም አታልብሱት። የአብዛኛው የቤት ራውተር ማንዋል እስከ 40 ዲግሪ ሙቀት ነው የሚለው። ድሬ ላይ በበጋ ቀትር፣ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ቁምሳጥን አናት ላይ የተሰቀለ ኖድ ያን አያልፍም ብላችሁ ነው?

ኖዱ ሳይጠፋ ግንኙነቱ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ አቀማመጡን እዩ። ሰው ኖዱን ዋይፋይ በማይደርስበት ክፍል ይተክለዋል። እዚያ ምን ተቀብሎ ያስተላልፍ? ዋናው ገና በደንብ የሚሰማበት መሀል ቦታ፣ ቢቻል በር ትይዩ መሆን አለበት። ሐረር ጀጎል ውስጥ ይኼም አይበቃም። የዚያ የድንጋይ ግድግዳ ወፍራም ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ አያልፈውም፣ 2.4ቱም ተዳክሞ ነው የሚወጣው። እዚያ ኖዱን በኬብል ከዋናው ጋር ማገናኘት ነው። ኬብሉ ንጹሕ መዳብ ይሁን፤ ሲሲኤ የሚሉት መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሲታጠፍ ይሰበራል።

የኢንተርኔት አቅራቢው ራውተርም የራሱን ዋይፋይ እያሰራጨ፣ በተለይ በዚያው ስም ከሆነ፣ ስልኩ በሁለቱ መካከል ይዋልላል። የእሱን ዋይፋይ አጥፉ። ሁለቱም ለየዕቃው የኔትወርክ አድራሻ (አይፒ) እያደሉ ከሆነ ሜሹን ወደ አክሰስ ፖይንት ሞድ ቀይሩት፤ ያኔ አድራሻ ማደሉን ለአቅራቢው ራውተር ትቶ ዋይፋይ ብቻ ያሰራጫል።

አንድ ዕቃ ብቻ የሚወጣ ከሆነ፦ አሮጌ ካሜራና ፕሪንተር 2.4 ብቻ ነው የሚያውቁት፣ ደብሊውፒኤ3 የሚባለውን አዲሱን የዋይፋይ መቆለፊያም አይወዱም፤ ወደ ደብሊውፒኤ2 መልሱት። በርጫ ላይ እንግዳ ሲበዛ አዲስ ስልክ አልገባም ካለ የሚታደለው አድራሻ አልቆ ይሆናል፤ ቁጥሩን ጨምሩ ወይም የሚያዝበትን ሰዓት አሳጥሩ። አልፎ አልፎ 5 ጊጋኸርዙ ብቻ ድንገት ከጠፋ ቻናሉን (የሚያሰራጭበትን የመስመር ቁጥር) ከ36 እስከ 48 ካሉት አንዱ ላይ አስሩት።

አፑ «አፕዴት አድርግ» ካላችሁ ጠዋት መብራቱ ሲረጋ አድርጉት። አፕዴቱ መሀል ላይ እያለ መብራት ከሄደ ኖዱ ጨርሶ ላይነሳ ይችላል።