የእሾሃማ ተክሎችን ስም በካንቶኒዝ እንዴት መማር ይቻላል?

በሆንግ ኮንግና በጓንግዶንግ የሚነገረው ካንቶኒዝ እሾህን በአፍ ንግግር ለክ6 ይለዋል። ብዙ የተክል ስም የሚፈታው በዚህ ቃል ስለሆነ ከእሱ ይጀምሩ።

1. ድምፁን ያስተካክሉ። ቁጥሩ ዩትፒንግ ከተባለው፣ ካንቶኒዝን በላቲን ፊደል ከሚጽፈው አጻጻፍ የመጣ የቃና ምልክት ነው። 1 ከፍ ብሎ ቀጥ ይላል፣ 2 ሽቅብ ይወጣል፣ 3 መካከለኛ ነው፣ 4 ቁልቁል ይወርዳል፣ 5 ከታች ተነስቶ ጥቂት ከፍ ይላል፣ 6 ዝቅ ብሎ ቀጥ ይላል። አናባቢ ላይ ፊደላችን ይረዳል፦ አጭሩ ለግዕዙ «ለ»፣ ረጅሙ ለራብዑ «ላ» ይቀርባል። ሰም1 ልብ ነው፤ ሳም1 ሦስት። አስቸጋሪው የለክ6 መድረሻ ነው። «ክ» ላይ ሲደርሱ ትንፋሹን እዚያው ያግቱት፤ ከለቀቁት ቃሉ ባለ ሁለት ቀለም ይመስላል።

2. በመጀመሪያው ቀን አራት ስም ይበቃል።
ለክ6 ዶው6 ግዩን1፦ ቡገንቪሊያ፣ በቁሙ «እሾሃም አዛሊያ» (አዛሊያ የአበባ ቁጥቋጦ ነው)፤ በጓንግዶንግ ያለችው የሼንዘን ከተማ መለያ አበባ ነው።
ሎው5 ስዩ2 ለክ6፦ «የአይጥ እሾህ»፤ በባሕር ዳርቻ ጭቃ የሚበቅል፣ ቅጠሉ የሚዋጋ ቁጥቋጦ።
ሲን1 የን4 ጾንግ2፦ ቁልቋል፣ «የማይሞተው ሰው መዳፍ»።
ሙይ4 ጐይ3፦ ጽጌረዳ።
ግዩን1ና ስዩ2 ላይ ከንፈርን አሞጥሙጠው «ኢ» ይበሉ፤ ጾንግ2 ላይ ደግሞ እንዲሁ አሞጥሙጠው «ኤ»። «ጸ»ን እንደ አማርኛው ጉሮሮ አጥብቀው አያፈንዱት።

3. መቁጠሪያውን አብረው ይያዙ። እኛ «አንድ እግር ቡና» እንደምንለው ሁሉ ተክል የሚቆጠረው በፖ1 ነው፦ የት1 ፖ1 ሲን1 የን4 ጾንግ2፣ አንድ እግር ቁልቋል። የት1 «አንድ» እንጂ ጥያቄ አይደለም።

4. በዓረፍተ ነገር ይለማመዱ። ሲው2 ሰም1፣ የው5 ለክ6፦ «ተጠንቀቅ፣ እሾህ አለው»። «ወጋ» ገት1፣ «እጅ» ሰው2 ነው። ሰው1 ካሉ ግን ኀፍረት ይሆናል፤ ቃናን ችላ ማለት የሚያስከፍለው እዚህ ነው።

5. በ2ኛው፣ በ4ኛውና በ8ኛው ቀን ይከልሱ፤ መልሱን ከማየት በፊት ጮክ ብለው ይናገሩ።

መዝገበ ቃላቱ ቡገንቪሊያን «ሳንጂያኦሜይ» ካላችሁ ማንደሪንን፣ ማለትም መደበኛውን ቻይንኛ ነው የያዛችሁት። የካንቶኒዙ ለክ6 ቁምፊ ከላዩ የቀርከሃ ምልክት አለው፤ ፍለጋውን በእሱ ጀምሩ።