የተማሪ ፖርትፎሊዮ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

የፎቶና የቪዲዮ ተማሪዎችን ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም ሲያመለክቱ የሚያሳዩትን የሥራ ስብስብ፣ እያየሁ አስተያየት መስጠት ከጀመርኩ ቆየሁ። አብዛኞቹ ጥሩ ሥራ አላቸው፤ ችግሩ ጥሩውን ሥራ ራሳቸው በእጃቸው ይቀብሩታል። ስለ ካሜራና ሌንስ አላወራም። ካሜራው ርካሽ ስለሆነ ብቻ የተጣለ ፖርትፎሊዮ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ያነሱትን ሁሉ መጠቅጠቅ

እዚህ ላይ ብናደድ አትፍረዱብኝ። ተማሪው ሰማንያ ፎቶ ይልክና «ከዚህ ሁሉ መሀል የሚወደድ አይጠፋም» ይላል። ይጠፋል! የሚገመግመው ሰው ፊት የሌሎችም ሥራ ተቆልሏል። ሃያኛው ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፣ ሠላሳኛው ላይ መዝለል ይጀምራል፤ ምርጧ ፎቶ አርባ ሰባተኛ ላይ ከሆነች ማንም ሳያያት ትቀራለች።

አንድ ጊዜ ስለ ብየዳ ባለሙያ የተሠራ ተከታታይ ፎቶ ደረሰኝ። በአንዷ ፎቶ ሰውየው የፊት መከለያውን ወደ ላይ ገፍቶ በክንዱ ላቡን ይጠርጋል፤ በመስኮቱ የገባው ብርሃን ግማሽ ፊቱን ይዞታል፣ ሌላው ግማሽ ጨለማ ውስጥ ነው። ግሩም ፎቶ ናት። ግን ከእሷ በፊት አራት፣ ከእሷ በኋላ ስድስት መንትዮቿ ተደርድረዋል። በአንዷ ዓይኑ ተጨፍኗል፣ በሌላዋ ክርኑ ተቆርጧል፣ በሦስተኛዋ ፎከሱ ፊቱን ስቶ ግድግዳው ላይ አርፏል። ለምን ሁሉንም እንዳስገባ ስጠይቀው «መምረጥ ከበደኝ፣ ሁሉንም እወዳቸዋለሁ» አለኝ። ልጁን ወደድኩት፤ ገምጋሚ ግን እንዲህ አይተረጉመውም። ጥሩዋን ከደካማዋ መለየት የማይችል፣ ጥሩዋንም በአጋጣሚ ያገኘ ሰው አድርጎ ያየዋል።

ለአብዛኛው ማመልከቻ ከ15 እስከ 20 ፎቶ ይበቃል። የምታመለክቱበት ቦታ ቁጥር ከወሰነ ያንኑ አክብሩ፤ 20 ተብሎ 23 የሚልክ ሰው መመሪያ እንደማያነብ በራሱ እጅ መሰከረ። አሥራ ሁለት ጠንካራ ፎቶ ብቻ ካላችሁ አሥራ ሁለቱን ላኩ። መምረጥ የሚከብደው ሰው ፎቶዎቹን በትንሽ መጠን አሳትሞ ወለል ላይ ይዘርጋቸው፣ ለሳምንት ያህል ይተዋቸውና ተመልሶ ይያቸው። ከዚያ ለማንሳት ምን ያህል እንደለፋ ለማያውቅ ሰው ያሳያቸው። ዝናብ ላይ ሦስት ሰዓት መቆማችሁ ፎቶው ላይ አይታይም።

በቀን ቅደም ተከተል መደርደር

የመጀመሪያ ዓመት የቤት ሥራ ከፊት፣ የመመረቂያው ሥራ ከኋላ። ገልብጡት! ጠንካራው ይቅደም፣ ሁለተኛው ጠንካራ መጨረሻ ላይ ይሁን። ቪዲዮም እንዲሁ ነው፤ ሾውሪል (ከሥራዎቻችሁ ተቆንጥሮ የሚሠራ የናሙና ቪዲዮ) ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ብቻ ነው፣ ከዚያ ላይ ስምን እያሽከረከረ የሚያበራ አኒሜሽን ስምንት ሰከንድ ከበላ ምን ቀረ?

ድምፅን የበኋላ ጉዳይ ማድረግ

ቪዲዮ የሚሠሩ ተማሪዎች ምስሉን ለሳምንታት ይቀባሉ፣ ድምፁን ግን ካሜራው ላይ ባለው ማይክ ከሦስት ሜትር ርቀት ይቀዳሉ። ከዚያ ጉዱን ለመሸፈን ሙዚቃ ይጭኑበታል። ሥራችሁን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አዳምጡት፤ ታሪኩ ካልገባችሁ ለሌላውም አይገባውም።

አንዲት ተማሪ እናት ስለ ልጇ የምትናገርበት አጭር ዶክመንተሪ አምጥታ ነበር። ቃለ ምልልሱ የተቀረጸው ወጥ ቤት ውስጥ ነው። እናትየዋ እያወራች ከጀርባ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ በዓረፍተ ነገሩ መሀል ቀጥ ይላል፣ ቀጣዩ ክሊፕ ላይ እንደገና ይነሳል። ፍሪጁ ነው። ሞተሩ በየተወሰነ ጊዜ ይነሳል፣ ይጠፋል፤ ስለዚህ ኤዲት የተደረገበት ቦታ ሁሉ በጆሮ ይቆጠራል። እንባ የሚያመጣው ንግግር ላይ እኛ የምንሰማው ፍሪጅ ነበር። የድምፅ ባለሙያዎች ለዚህ የቆየ ዘዴ አላቸው፦ ፍሪጁን ነቅለው የቤታቸውን ወይም የመኪናቸውን ቁልፍ ውስጡ ያስቀምጣሉ። መልሰው ሳይሰኩት መሄድ አይችሉማ!

ማይኩን ወደ አፍ አቅርቡት፤ በአንድ ስንዝር ርቀት ደረት ላይ የሚሰካው ትንሹ ማይክ ለቃለ ምልልስ ይበቃል። ድምፁ በጣም ከፍ ሲል እንኳ መለኪያው ላይ ከ−12 ዴሲቤል አካባቢ እንዳያልፍ አድርጉ፤ ጣሪያውን ዜሮን ነክቶ የተቆረጠን ድምፅ እንደነበረ የሚመልስ የለም። ከመነሳታችሁ በፊት ሁሉም ዝም ብሎ የክፍሉን ድምፅ ለ30 ሰከንድ ቅዱ፤ ኤዲት ላይ ክፍተት የምትሞሉት በእሱ ነው።

ሹተሩን ለካሜራው መተው

ሹተር እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚያገኝበት ጊዜ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም የምትቀርጹ ከሆነ ሹተሩ 1/50 ሰከንድ አካባቢ ይሁን። ፀሐይ በዛ ብላችሁ ወደ 1/1000 ብትወስዱት የሰው እንቅስቃሴ ይንቀጠቀጣል፤ ለብርሃኑ ኤንዲ ፊልተር አለለት፣ ሌንሱ ላይ ተደርጎ ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት። ቤት ውስጥ መብራቱ ቪዲዮው ላይ ብልጭ ድርግም የሚልባችሁ ሹተሩ ከኤሌክትሪኩ ጋር ስላልተስማማ ነው፦ 50 ኸርዝ ባለበት 1/50 ወይም 1/100፣ 60 ኸርዝ ባለበት 1/60 ወይም 1/120።

ኤዲት ማብዛት፣ መግለጫ ማሳነስ

ብርቱካን የመሰለ የሰው ቆዳ በቃን።

የዶክመንተሪና የዜና ሥራ ላይ ግን ነገሩ ከጣዕም ያልፋል። ብርሃንና ቀለም በመጠኑ ማስተካከል፣ ዳሩን መከርከም የተለመደ ነው፤ ከፎቶው ውስጥ ዕቃ ማጥፋት ወይም መጨመር ግን ከውድድር ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ወርልድ ፕሬስ ፎቶ በተባለው ዓለም አቀፍ የዜና ፎቶ ውድድር ከመጨረሻው በፊት ያለው ዙር ከደረሱት ሥራዎች 20 በመቶው በዚህ ምክንያት ተሰርዘዋል። በዚያው ዓመት ሽልማት አግኝቶ የተነጠቀ ተከታታይ ፎቶም አለ፤ ስለ አንድ ከተማ ነው ከተባለው ሥራ አንዱ ፎቶ የተነሳው ሌላ ከተማ ሆኖ ተገኘ። እና እናንተ የፎቶው መግለጫ ላይ «ተስፋ» ብላችሁ ብቻ ትጽፋላችሁ! ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን ሲያደርግ። ግጥሙን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

የጋራ ሥራን የግል ማድረግ

ይህን ሳስበው ያስቀኛል። በአንድ ዙር ማመልከቻ አንድ አጭር ፊልም ከሦስት ተማሪዎች ደረሰን፤ ሦስቱም «ዳይሬክተር» ነበሩ። ገምጋሚዎቹ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንደሚቀመጡ ማንም አልነገራቸው ይሆናል። «ካሜራ እኔ፣ ኤዲት ሌላ ሰው» ብሎ መጻፍ አያሳንስም። መብራት ብቻ ይዛችሁ ከሆነም መብራቱን ጻፉ፤ መብራት የሚያውቅ ሰው በጣም ይፈለጋል።

ፈቃድ ያልተጠየቀበት ነገር

የታወቀ ዘፈን የተጫነበት ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ድምፁ ሊጠፋ ወይም ጭራሽ ሊታገድ ይችላል። «ነጻ ሙዚቃ ነው» የሚሉም ፈቃዱን አያነቡም። ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው፣ ባለቤቱ ሥራውን ሌሎች እንዲጠቀሙበት በሚለቅበት ፈቃድ ላይ «ኤንዲ» (ማሻሻል አይቻልም) የሚል ምልክት ያለበትን ሙዚቃ ቪዲዮ ላይ መጫን አይፈቀድም፤ ሙዚቃን ከተንቀሳቃሽ ምስል ጋር ማጣመር እንደ ማሻሻል ይቆጠራልና። ሰዎችንም የጽሑፍ ፈቃድ ጠይቁ፤ ልጆች ከሆኑ ወላጆቻቸውን።

የማይከፈት ሊንክ

ቀኑ ያለፈበት፣ «ፈቃድ ጠይቁ» የሚል፣ ፓስወርዱ ያልተላከ። ከመላካችሁ በፊት አካውንታችሁ ባልተከፈተበት ስልክ ሞክሩት። ፎቶዎቹን ኤስአርጂቢ በሚባለው፣ ኢንተርኔት ላይ በተለመደው የቀለም ደረጃ አውጡ፤ አዶቤ አርጂቢ በሚባለው ሰፊ የቀለም ደረጃ የወጣ ፎቶ ቀለም በማያስተካክል ብሮውዘር ላይ ደብዝዞ ይታያል። የፋይሉ ስም ደግሞ የእናንተ ስም ይሁን፤ «የመጨረሻ የመጨረሻ 2» የሚሉ ፋይሎች ኮምፒውተሬን ሞልተውታል።

ከላካችሁም በኋላ ኦሪጅናሎቹን አታጥፉ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ለቃለ መጠይቅ ተጠርታችሁ «ከዚህች ፎቶ በፊትና በኋላ ያነሳኸውን አሳየን» መባል የተለመደ ነው፤ «ሜሞሪ ካርዱን ፎርማት አደረግኩት» የሚል መልስ ስንሰማ ቀና ብለን እርስ በርስ እንተያያለን።