ሱፐርቫይዘሩ ሥራው እንዳይሰለቸው ምን ይደረግ?

የፈረቃ ኃላፊ በሉት፣ ሱፐርቫይዘር ወይ ቡድን መሪ፣ ቦታው ያው ነው። ከላይ ትዕዛዝ ይወርድበታል፣ ከታች ብሶት ይመጣበታል። ሥራ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። ፊቱ መጥቆር ሲጀምር ደግሞ "ስልጠና ይሰጠው" ይባላል። ስልጠና ክፋት የለውም፤ ግን ብዙ ጊዜ የጎደለው ስልጠና አይደለም።

የጎደለው ሥልጣን ነው። ሮበርት ካራሴክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1979 እንዳሳየው፣ ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው የሥራ ብዛቱ ለብቻው ሳይሆን ብዙ ሥራ እና ትንሽ የመወሰን መብት አንድ ላይ ሲገጥሙት ነው። የሱፐርቫይዘር ኑሮ ደግሞ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ስለዚህ የእሱ አለቆች የሆናችሁ ከዚህ ጀምሩ። ጠርታችሁ "ባለፈው ወር ራስህ መወሰን ስትችል እኛን ያስፈቀድከን ምን ምን ነበር?" በሉት። ፈረቃ ማቀያየር፣ የአንድ ቀን ፈቃድ፣ ትንሽ ዕቃ መግዛት፣ ለተከፋ ደንበኛ ገንዘብ መመለስ... ዝርዝሩ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ከዚያ ገደቡን በጽሑፍ አስቀምጡለት፤ እስከዚህ አንተ ወስን፣ ከዚህ ካለፈ ጠይቀን።

ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እናንተ የማትወስኑትን ይወስናል። ያኔ ሠራተኞቹ ፊት ውሳኔውን ከሻራችሁበት በቃ፣ የሰጣችሁትን ሁሉ መልሳችሁ ወሰዳችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይሰማውም፣ እሱም ለትንሹም ለትልቁም ቢሯችሁን ማንኳኳት ይጀምራል። የከፋ ጉዳት ካላመጣ ውሳኔው ይቁም፣ አስተያየታችሁን ለብቻው ንገሩት። ሠራተኛ እሱን ዘሎ እናንተ ዘንድ ሲመጣም "መጀመሪያ ለእሱ ነግረሃል?" ብላችሁ መልሱት። አቤቱታው በራሱ በሱፐርቫይዘሩ ላይ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፣ ስሙት።

ሪፖርት ቀንሱ። ማንም የማያነበው ሪፖርት የትኛው እንደሆነ እሱ ያውቃል፣ ጠይቁት።

ጥያቄ ሲያመጣም ጆሮ ዳባ ልበስ አትበሉ። "አይሆንም፣ ምክንያቱም..." የሚል መልስ ከዝምታ በስንት ጣዕሙ! ሠራተኞቹ "ምን አሉህ?" ሲሉት የሚመልሰው ያገኛል።

ገንዘብስ? የሥነ ልቦና ባለሙያው ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. በ1959 ይፋ ባደረገው ጥናት ደሞዝና የሥራ ሁኔታ ሲበላሹ ሰው ያማርራል፣ መስተካከላቸው ብቻውን ግን ለሥራ አያነሳሳም፤ የሚያነሳሳው ውጤት ማየት፣ ዕውቅና ማግኘት፣ ኃላፊነት መቀበል ነው ብሏል። ሐሳቡ ብዙ ክርክር አስነስቷል። አንዳንድ አለቃ ደግሞ ላለመክፈል ሰበብ ያደርገዋል፣ ይሄ ነውር ነው። በተለይ አንድ ነገር ፈትሹ፦ ሰውየው ሲሾም የትርፍ ሰዓት ክፍያው ቀርቶበት ከሚመራቸው ሰዎች ያነሰ ወደ ቤቱ እየወሰደ እንዳይሆን። እንደዚያ ከሆነ የምስጋና ወረቀቱን ትታችሁ መጀመሪያ ደሞዙን አስተካክሉ።

አንዳንዱ ግን መጀመሪያውንም አለቃ መሆን አልፈለገም። ጎበዝ ባለሙያ ስለነበር ተሾመ፣ እምቢ ማለት ከበደው። እንዲህ ያለውን ሰው በግል አነጋግሩት፤ ወደ ሙያው መመለስ ከፈለገ እንደ ቅጣት ሳይታይበት፣ ደሞዙም ሳይነካ የሚመለስበትን መንገድ አመቻቹለት።