ታብሌት ልትገዙ ላሰባችሁ የጎንደር ተማሪዎች

ስልክም ላፕቶፕም ካላችሁ፣ ታብሌት የሚያዋጣው ብዙ ለምታነቡ ነው። ማራኪም ሆነ ቴዎድሮስ ግቢ፣ ፒዲኤፍ በ6 ኢንች ስልክ እያሰፉ ማንበብ ዓይን ያደክማል። በ10 ኢንች ግን ገጹ በሙሉ ይታያል። መብራት ሲጠፋም ታብሌቱ ባትሪው ካረጀበት ላፕቶፕ ይልቅ ይሻላል፤ በፓወር ባንክም ይሞላል።

ለመጻፍ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፣ ላፕቶፑ ይበቃል።

ፒያሳ ያገለገለ ካገኛችሁ አትቸኩሉ። ሲም ይቀበል እንደሆነ እዩ፤ ዋይፋይ ብቻ ከሆነ ከስልካችሁ ሆትስፖት መክፈት ሊኖርባችሁ ነው። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ ሻጩ እዚያው ፊታችሁ አካውንቱን ያውጣና ሪሴት ያድርገው። ተመልሶ ሲከፈት የድሮውን ባለቤት ኢሜይል ወይም የይለፍ ቃል ከጠየቀ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አትውሰዱት።