ጠፋ ማለት ተሰበረ ማለት አይደለም፦ በበረዶ ላይ የኤሌክትሮን ጨረር ስትሞክሩ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ባልደረባዬ ውጤቱን ይዞልኝ መጣ። ትራይክሎሮኢትሊን (ክሎሪን ያለበት መርዛማ የውሃ በካይ) የሟሟበትን ውሃ አቀዝቅዞ፣ በካዩን ለመሰባበር የኤሌክትሮን ጨረር ሰጥቶ፣ አቅልጦ ሲለካው አብዛኛው የለም። ደስታው ፊቱ ላይ ያስታውቃል። «ክሎራይዱስ?» አልኩት። አልለካም።

እባካችሁ፣ ይሄን አታድርጉ! ፈጣኑ ኤሌክትሮን በረዶው ውስጥ ሲሮጥ ብዙ ዘገምተኛ ኤሌክትሮኖችን ይነቅላል፤ ዘገምተኛው ሞለኪውሉ ላይ ሲለጠፍ አንድ ክሎሪን ኤሌክትሮኑን ይዞ፣ ማለትም ክሎራይድ ሆኖ ይገነጠላል። ምስክሩ ክሎራይዱ ነው። ትራይክሎሮኢትሊን ደግሞ በቀላሉ ይተናል። በረዶው ሲቀልጥ ክዳኑ ላላ ካለ ወደ አየር ይወጣል፣ እናንተም ተሰበረ ብላችሁ ትመዘግባላችሁ። እኔም ጀማሪ ሳለሁ ሁለት ወር ሙሉ እንዲሁ ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ብልቃጡን ስከፍት ያ ጣፋጭ፣ ክሎሮፎርም የሚመስል ሽታ አፍንጫዬ ስር መጣ። ሰበርኩት ብዬ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት መርዝ ነበር። በጣም ነው የደነገጥኩት።

እስከ አፉ እንሙላው እንዳትሉ፤ ውሃ ሲቀዘቅዝ 9 በመቶ ገደማ ስለሚሰፋ ብልቃጡ ይሰነጠቃል። ክፍተት ተዉ፣ በላስቲክ ክዳን አሽጉ፣ ሳትከፍቱ አቅልጡ፣ ከዚያ በመርፌ ከውሃውም ከላዩ አየርም ውሰዱ። ጨረር ያልነካው ናሙናም እኩል ቀዝቅዞ እኩል ይቅለጥ። አንዱ የትራይክሎሮኢትሊን ሞለኪውል 3 ክሎሪን አለው። የክሎሪኑ ሒሳብ ካልሞላ የቀረው የት ሄደ?

ውፍረቱንም ተጠንቀቁ። የ1 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጨረር በረዶ ውስጥ ከ5 ሚሊሜትር አያልፍም፤ ጣት የሚያህል በረዶ ብታስቀምጡ ታችኛው ክፍል ምንም አልነካውም።

ሙቀቱ ደግሞ አለ። 10 ኪሎግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ) ማለት በግራም 10 ጁል ነው፣ ካልተቀዘቀዘ በረዶውን 5 ዲግሪ ያህል ያሞቀዋል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ ያለ በረዶ ላይ 50 ኪሎግሬይ በአንዴ ብታወርዱ በከፊል ይቀልጣል፤ የምትለኩት የበረዶውን ብቻ ሳይሆን የውሃውንም ኬሚስትሪ ይሆናል።

አንዱን ናሙና ፍሪዘር ውስጥ ሌላውን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዛችሁ አታወዳድሩ። ቀስ ብሎ የሚቀዘቅዝ ውሃ ብክለቱን ከክሪስታሉ እየገፋ መጋጠሚያው ላይ ያከማቸዋል።

ኦክስጅኑን ከማቀዝቀዛችሁ በፊት አስወጡ፣ ኤሌክትሮኑን ይሻማል።

ካርቦን ቴትራክሎራይድ (4 ክሎሪን ያለው ሌላ በካይ) ላይ የምትሠሩ ደግሞ፣ አንድ ክሎሪን ያጡ ሁለት ቁርጥራጮች ሲገናኙ 6 ክሎሪን የተሸከመ ሄክሳክሎሮኢቴን ይሆናሉ። እሱንም ፈልጉት።